ቁጥር የሌለው ደብዳቤ፦ ከቡልጋሪያ ካዛንቺስ፣ በለገሃር በኩል

ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ቡልጋሪያ

ስወጣ በሰፈራችን ከእኔ ሌላ የነቃው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነበር። ፊት ለፊቱ ሦስት ሚኒባሶች ሞተር እያሞቁ ነው። የአንዱ ድምፅ ደስ አይልም፤ ቫልቭ ይመስለኛል። ዛሬ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። የምሠራበት ጋራዥ ከግቢያችን ሦስት በር ይርቃል፤ ትናንት አለቃዬን አስፈቅጃለሁ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለኝ።

«ካዛንቺስ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለሙሉ ቀን።»

ሳቀብኝ። «ካዛንቺስ ሙሉ ቀን ይፈጃል እንዴ? ዝዋይ ደርሰህ ዓሣ በልተህ ትመለሳለህ እኮ!»

እውነቱን ነው። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ሩቅ ነው የሚሄዱት። የእኔ ጉዞ ከቡልጋሪያ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ለገሃር፣ ከለገሃር ተመልሶ ካዛንቺስ ነው። እግሩ ጠንካራ ሰው ታክሲም አያስፈልገውም። ጉዳዩ ግን ድንበር ማዶ ነው።

በአጭሩ ላስረዳ። ማስረዳት ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ጋራዥ የገባሁት። ታላቅ ወንድሜ መስፍን የውሃ ቴክኒሻን ነበር። ጎረቤት አገር ጦርነቱ ሲያበቃ፣ መልሶ ግንባታውን እንዲያግዙ ከእኛ መንግሥት ከተላኩት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ቶርኬይ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ዓመት ሠራ። ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ፓምፕ ተከለ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። አዲስ አበባ አመጡት። አስራ አንድ ቀን ተኛ። ሞተ።

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጽፌያታለሁ። እንዲሁ ትቅር።

በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ እጄን ያዘኝ። «ናሆም፣ የቶርኬይ ፓምፕ እየደከመ ነው። ክረምቱን አይዘልቅም። በምን ዓይነት እንደሚቀየር ጽፌ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ተከታተልልኝ።» እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አርባው የወጣው ባለፈው ሐሙስ ነው። እስከዚያ ድረስ ከቤት አልራቅኩም። የመስፍን ስልክ ግን አላረፈም። ኛኮር የምትባል ሴት የድምፅ መልእክት ትልካለች። የፓምፑን ቤት ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት፤ አማርኛ የተማረችው በስደት ጋምቤላ ሳለች ነው። «መስፍን፣ ደህና ነህ? ፓምፕ ዝም አለ። ሰው ወንዝ ወረደ።» ከሳምንት በኋላ ደግሞ፦ «መስፍን፣ ልጆች ሆድ ያመዋል። ወንዝ ጥሩ አይደለም።»

አልመለስኩላትም። ወንድሜ ሞቷል፣ ፓምፑም አልተላከም ብዬ ሁለት መርዶ በአንዴ መላክ አቃተኝ። ቢያንስ አንዱን ላስተካክል አልኩ።

ጊዜ ደግሞ የለም። ዓርብ ዕለት፣ ባለሙያዎቹን አሁን ወደሚልከው አዲሱ መሥሪያ ቤት ስደውል፣ ነገ ማክሰኞ ማለዳ የሚነሳው የጭነት መኪና ከክረምቱ በፊት የመጨረሻው መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እስከ ጥቅምት ጎማ አይረግጠውም። ዛሬ እስከ ቀኑ አስር ሰዓት የጭነት ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ዕቃ እዚሁ ይከርማል።

ጠዋት 1 ሰዓት፤ መስቀል አደባባይ

ቢሮ እስኪከፈት በእግሬ መጣሁ። ደረጃው በሯጭ ተሞልቷል። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ባቡሩ በድልድዩ ላይ ያልፋል፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች ገና አልነቁም።

ሻይና ቦምቦሊኖ ከአንዲት ልጅ ገዛሁ። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነው፤ ሃያ ብር። እየበላሁ ሳለ አንድ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ወገቡን እያጠፈ፣ «ወጣቱ! ቁጭ ብሎ መብላት ብቻ? ተነስ እንጂ!» አለኝ። ከዚያ ጥቁር ሸሚዜን አየ። «ውይ፣ ይቅርታ ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«ምንም አይደል» አልኩት። «ዛሬ እኔም ሩጫ ላይ ነኝ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ግን ካልኩት በኋላ እግሬ ቀለለኝ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፤ ካዛንቺስ

ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ለረዳቱ፣ «እንጨት መሰንጠቂያው ጋ አውርደኝ» አሉት።

«የቱ እንጨት መሰንጠቂያ፣ አባባ?»

«ድሮ የነበረው።»

«አባባ፣ እኔ የድሮ አላወርድም። ያለ ነገር ይንገሩኝ።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ አዛውንቱም ሳቁ። እኔ ግን ቦታውን አውቀዋለሁ። እኛም ያደግነው እዚያ ጀርባ ነው። ግቢያችን የነበረበት አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው፤ መብራቱ ያምራል፣ አግዳሚ ወንበርም አለው። መስፍን ከቶርኬይ ለእረፍት መጥቶ ሲያየው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ «የእኔና ያንተ አልጋ እዚህ ጋ ነበር» አለ። ቆይቶ፣ «መንገዱን ከሠሩት አይቀር የውሃ መስመሩን አብረው ቀብረዋል፤ ጎበዞች» አለ። መስፍን እንዲህ ነበር። ሁሉን ነገር በቧንቧ ነው የሚያየው።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ከወንበሩ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«ከየትኛው ነህ?»

«ምን ማለት?»

«ከውሃው ነህ፣ ከመንገዱ፣ ወይስ ከጤናው?»

«ከወንድሜ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በቃ ግባ። ሁለተኛ ፎቅ።»

የጥበቃው ጥያቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድንበር ማዶ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ሦስት መሥሪያ ቤቶች ለየብቻ ነበር የሚልኩት። ሦስት አለቃ፣ ሦስት መኪና፣ ሦስት ዓይነት ደብዳቤ። መስፍን ሲያወራ ያስቀን ነበር። «ጤናዎቹ ክሊኒክ ሠሩ፤ ውሃ የለውም። እኛ ውሃ አወጣን፤ ክሊኒኩ ጋ አይደርስም። መንገዶቹ ሊያገናኙን መጡና ቧንቧውን ቆረጡት!» እሱ ይስቃል። እማዬ ግን አትስቅም፤ «የሰው አገር ሄዳችሁ ነው የምትጣሉት?» ትለው ነበር። አሁን ሦስቱም አንድ ሆነው እዚህ ገብተዋል።

ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቷል። «ውሃ 14»፣ «መንገድ 6፣ ተሰባሪ»፣ አንዱ ላይ ደግሞ «መጋረጃና ቃለ ጉባኤ» ተብሎ ተጽፏል። ጠረጴዛ የሚጎትቱ፣ ሶኬት የሚፈልጉ፣ የራሳቸውን ወንበር የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ። ያየ ሰው ፈረሰ ሊል ይችላል። እኔ ግን መካኒክ ነኝ። ሞተር ሲገጣጠምም መጀመሪያ ወለሉ ላይ እንዲህ ነው የሚዘረጋው።

ጭነቱን የሚያዙት ኢንጂነር ሰሚራ አዳራሹ መሀል ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሻሻቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል። የመስፍን ወንድም ነኝ ስላቸው ብድግ አሉ።

«የቶርኬዩ መስፍን? ነፍሱን ይማረው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ አላየኸኝም።»

«ማንንም አላየሁም» አልኩ።

«ቧንቧውን የቆረጥነው እኛ ነን፤ ነግሮሃል?»

«እርስዎ ከመንገዶቹ ነዎት?»

«አለቃቸው ነበርኩ። ስልክ ላይ እንዴት እንደጮኸብኝ! ጮኾ ጮኾ ሲደክመው፣ ‹ኢንጂነር፣ ለሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል› አለኝ። ይኸው ጠረጴዛው።» በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

ቀጥሎ አንድ ሰማያዊ ፋይል አወጡ። ጀርባው ላይ «ቶርኬይ» ይላል። አዲሱ አሠራር ይሄ ነው፦ ፋይል የሚከፈተው በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በከተማ ስም ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስቱም ወገን እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ዛሬ ለቶርኬይ ምን ጎደለ ይባባላሉ። ማን አጎደለ አይባባሉም። ፋይሉን ገለጡት። መንገድ የሚለው ክፍል ሞልቷል። ክሊኒክ የሚለውም። ውሃ የሚለው ጋ አንድ ቅጠል ወረቀት የለም።

«ፓምፕ ሞልቶናል» አሉ። «ስቶር ሄደህ ብታይ ትደነግጣለህ። የቱን ልጫን? ለአርባ ሜትር የተሠራውን መቶ ሜትር ብከተው በሳምንቱ ይቃጠላል።»

«የፓምፑ ቁጥር ራሱ ላይ የለም?»

«አለ፤ ግን ፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ለማውጣት ክሬን ይፈልጋል። የሚያውቀው መስፍን ነበር።»

«ጽፌ ልኬያለሁ ብሎኛል።»

እርሳሱን ከሻሻቸው ነቀሉ። «እኛ ጋ አልደረሰም። ከውሃው በተረከብነው የጉዳይ ፋይል ውስጥ ስለ ቶርኬይ ምንም የለም። ካለ ለገሃር፣ የድሮው መዝገብ ቤት ነው የሚኖረው። እሱም ነገ ይታሸጋል። ሂድ። እስከ አስር ሰዓት አንድ መስመር ክፍት አድርጌ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አልችልም፤ መኪናው አምስት ከተማ ነው የሚያዳርሰው።»

ረፋድ 5 ሰዓት፤ ለገሃር

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሻንጣ፣ ቀበቶ፣ ሁለተኛ እጅ ጫማ ይሸጣል። «አምስት መቶ የነበረ በሦስት መቶ!» ማን ሰው አምስት መቶ ከፍሎ እንደሚያውቅ አላውቅም።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ካርቶን በሲባጎ ሲያስሩ አገኘኋቸው። እዚህ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል።

«አንተ ደግሞ ካርቶን ልትጨምርብኝ ነው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«አይ፣ እትዬ። ደብዳቤ ፍለጋ ነው።»

«በየጊዜው ያዋሕዱናል፤ በየጊዜው ይነጣጥሉናል። ለእኔ ሲጋቡም ሲፋቱም ትርፉ ሲባጎ ነው።» ቀና አሉ። ጥቁሩን አዩ። ድምፃቸው ወረደ። «ማን ሞቶብህ ነው፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። ማተባቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን አወጡ፤ እንደ ትራስ የወፈረ ደብተር ነው። በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። አንድ ገጽ። ሁለት። ስድስት።

«ከመስፍን የመጣ የለም።»

«ልኬያለሁ ብሎኛል፣ እትዬ።»

«የእኔ ልጅ፣ እዚህ የገባ የሥራ ደብዳቤ ቁጥር ሳይሰጠው አያድርም። ከሌለ አልመጣም። ለማንኛውም ከምሳ በኋላ ና፤ ደግሜ አየዋለሁ።»

ወጣሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት እርጥብ ሳንድዊች ገዛሁ፤ ድንቹ በዝቶ ቃሪያው ያቃጥላል። ግማሹን በላሁ። አንድ መጥፎ ጥያቄ መጣብኝ። መስፍን በትኩሳቱ ቢሆንስ የተናገረው? ደብዳቤው ከመጀመሪያውም ባይጻፍስ? ወንድሜን የተጠራጠርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ የምጽፈው እንዲወጣልኝ ነው።

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። የእሱ ስልክ። ኛኮር ናት። «መስፍን፣ ዛሬ ዝናብ ትንሽ መጣ።» ይሄን ብቻ።

ቀን 8 ሰዓት፤ አሁንም ለገሃር

ወይዘሮ ሙሉነሽ ደግመው አይተዋል። የለም።

«በማን እጅ ነው የላከው?» አሉኝ።

«እንጃ። ከዚያ ፖስታ ቤት የለም። በጭነት መኪና ሾፌር ይሆናል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሾፌር? በእስክሪብቶ የተጻፈ? ማኅተም የሌለው?»

«ቶርኬይ ማን ማኅተም ይመታል፣ እትዬ?»

ሲባጎው ከእጃቸው ወደቀ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እጄን ይቁረጠው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገብ ቤት አንድ ሕግ አለ። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ የወጪ ቁጥርና ማኅተም አለው፤ ጉዳዩ ወዳለበት ፋይል ይገባል። አንድ ሠራተኛ በእጁ ጽፎ፣ ያለ ቁጥርና ያለ ማኅተም የላከው ግን የግል ጉዳይ ነው። የፈቃድ ጥያቄ ነው፣ የትዳር ነው፣ የሕመም ነው ይባላል። መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የግል ማኅደሩ ውስጥ ይገባል።

«አላነበብኩትም፣ ልጄ። የሰው የግል ነገር አላነብም። ሠላሳ ዓመት አላነበብኩም። ሌላው ያነብና ሻይ ላይ ያወራል፤ እኔ ግን...» እንባው አላስጨረሳቸውም። መሀረብ ፈለጉ። «ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት። እሱ ሲያርፍ ደግሞ ማኅደሩ ተዘጋ። የጉዳይ ፋይል ብቻ ነው ካዛንቺስ የሄደው።»

አልተናደድኩም። ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ ግን በእሳቸው ላይ እንዴት ተብሎ። የሰው ገመና የሚሸፍን እጅ ነው የሳተው።

«እንክፈተው» አልኩ።

«የሟች ማኅደር የሚከፈተው ቤተሰብ ባለበት ነው። የወረዳ ማስረጃ ይፈልጋል።»

ከላስቲክ ክላሰሬ አወጣሁ። ለቀብር ጉዳይ ያወጣሁት የወንድማማችነት ማስረጃ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። አነበቡት፤ አገላብጠው ማኅተሙን አዩት። ከውስጥ ክፍል ቡናማ ማኅደር ይዘው መጡና ሲባጎውን በመቀስ ቆረጡት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶው አለ። ሲቀጠር የተነሳው። ከእኔ ያነሰ ልጅ ነው። ያ ኮት የአጎታችን መሆኑን አውቃለሁ፤ እጅጌው ረዝሞበታል።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ከመጨረሻው ላይ ካለ ፖስታ ውስጥ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡና ፊታቸውን አዙረው ሰጡኝ። «አንተ አንብበው። የግል ከሆነ ተመልሶ ይገባል። የሥራ ከሆነ ድምፅህን አሰማኝ።»

ድምፄን አሰማሁ። የጉድጓዱ ጥልቀት ዘጠና ሁለት ሜትር። የፓምፑ ዓይነትና ቁጥር። የቧንቧው ስፋት። የጄኔሬተሩ ጉልበት። በእርሳስ የተሠራ ሥዕል፤ ክሊኒኩ፣ መንገዱ፣ ጉድጓዱ፣ የኛኮር ቤት ሳይቀር። ታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሆን አላውቅም። መሥሪያ ቤቶቹ ሊዋሐዱ ነው ይባላል። ከየትም ይሁኑ፣ እባክዎ ‹አይመለከተንም› አይበሉ። ውሃው ይመለከተናል።»

የእሱ ድምፅ ነበር። እዚያች ምድር ቤት ውስጥ፣ በእኔ አፍ። የመጨረሻውን መስመር ደግሜ አነበብኩት። ወይዘሮ ሙሉነሽ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ።

ከዚያ መዝገቡን ገለጡ። «ላኪ፦ መስፍን» ብለው ጻፉ። ቀና አሉ። «አቅራቢ የሚል ቦታ አለ። ስምህ ማን ነው?»

«ናሆም።»

ጻፉት። ቁጥር ሰጡት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱ፤ የመጀመሪያው ደብዝዟል ብለው።

«በሉ ይስጡኝ፣ ልሩጥ» አልኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው።

«ለማን? ዋናው ደብዳቤ በሠራተኛ እጅ እንጂ በባለጉዳይ እጅ አይወጣም።» ነጠላቸውን ከምስማሩ አነሱ። የመሸኛ ደብተሩን በብብታቸው ያዙ። «ምን ተገትረሃል? ታክሲ ያዝ።»

ከሰዓት 9 ሰዓት ከሩብ፤ መንገድ ላይ

ታክሲው ለገሃርን ሳይወጣ ቆመ። ፊታችን አንድ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ይዞራል።

«ሾፌር፣ ንዳው እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«እማማ፣ በላዩ ልብረር?»

«ከቻልክ ብረር። የመንግሥት ደብዳቤ ይዣለሁ።»

«የመንግሥት ደብዳቤ ከሆነማ» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ «መቆም ለምዶበታል።»

ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ብቻ አልሳቁም፤ ደብተሩን ጠበቅ አድርገው ያዙት። መስቀል አደባባይን ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሌላም ይኖራል» አሉኝ። «ቁጥር የሌለው። ቶርኬይ ብቻ አይደለችም እኮ። ነገ ከመታሸጉ በፊት ማኅደሮቹን ለይቼ አወጣለሁ፤ የሞቱትን ቤተሰብ እየጠራሁ አስከፍታለሁ። በሕይወት ያሉትን ራሳቸውን እጠራለሁ።»

«ብዙ ሥራ ነው፣ እትዬ።»

«ሠላሳ ዓመት ያላነበብኩት ነዋ!» ያን ጊዜ ሳቁ።

ካዛንቺስ ስንደርስ ረዳቱ፣ «የት ጋ ነው ወራጅ?» አለ። «አግዳሚ ወንበሩ ጋ» አልኩት። ያለ ነገር ነው የነገርኩት። ወዲያው አወረደን።

ከሰዓት 9 ሰዓት ከ45፤ ካዛንቺስ

ጥበቃው ሲያየኝ አልጠየቀኝም። «ያ የወንድሙ!» ብሎ በሩን ከፈተልን።

ኢንጂነር ሰሚራ የጭነት ዝርዝሩን ፊታቸው ዘርግተዋል። አንድ መስመር ባዶ ነው። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ተቀመጡ። እርሳሱን ነቀሉና ጻፉ፦ ቶርኬይ፣ ውሃ፣ ዘጠና ሁለት ሜትር። የስቶሩን ሰውዬ ጠርተው ቁጥሩን አነበቡለት።

«አለን?»

«ሁለት አለን።»

«ሁለቱንም ጫን። አንዱ መጠባበቂያ ይሁናቸው።»

ቀጥለው ዙሪያውን ጮኹ። «መንገዶች! ይሄ ሥዕል ላይ ጉድጓዱ ከመንገዱ ስንት ሜትር ነው? ደግሞ እንዳትቆርጡት! ጤናዎች፣ ክሊኒኩ ጋ መስመር ይገባል፤ ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ አብራችሁ አስጭኑ።» ከሦስት ጥግ ሦስት ሰው መጥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አጎነበሰ። የወንድሜ ሥዕል ነው። እዚያ ጋ ቆሜ አየኋቸው። መዋሐድ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ የለም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ የመሸኛ ደብተሩን አስፈረሙ። ከዚያ ሰማያዊውን ፋይል አገላብጠው አዩ። ጀርባውን አዩ።

«በከተማ ስም ነው የምትከፍቱት?»

«አዎ» አሉ ኢንጂነር ሰሚራ።

«ታዲያ ይሄ ቀድሞ ቢኖር...» ጽሑፉን በጣታቸው ነኩት። «ቁጥር ባይኖረውም የት እንደሚገባ አውቅ ነበር። ቶርኬይ ይላል እኮ፣ ፖስታው ላይ።»

«መዝገብ ቤቱ ሲታሸግ ወደ እኛ ይምጡልን፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ። የሚያነብ ሰው እንፈልጋለን።»

«ማንበብ ከጀመርኩ አላቆምም። ኋላ እንዳትማረሩ!»

ከስቶር ሳጥኑ ወጣ፤ እንጨት ነው፣ ረጅም። የስቶሩ ሰውዬ ወፍራም ማርከር ሰጠኝ። «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል?» አለኝ። አያምርም። ቢሆንም እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ቶርኬይ፣ በትልልቁ። መኪናው ላይ ሲወጣ ሰዓቴን አየሁ። አስር ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረዋል።

ምሽት 12 ሰዓት፤ ቡልጋሪያ

በእግሬ ተመለስኩ። ጋራዡ እየተዘጋ ነው። አለቃዬ፣ «ካዛንቺስ ሰላም ናት?» አለኝ። «ሰላም ናት» አልኩት። «ተጭኗል።» ምን እንደተጫነ አልጠየቀኝም። ፊቴን አይቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ፎቶውንም፣ የአጎታችንን ኮትም። ስለ ኮቱ ስነግራት አለቀሰች፤ ስለ ፓምፑ ስነግራት ግን ቀና አለች።

«ለዚያች ልጅ ንገራታ» አለችኝ። የኛኮርን መልእክቶች እንደምትሰማ አላውቅም ነበር።

የመስፍንን ስልክ አወጣሁ። ድምፄ እንዳይሰበር ቆሜ ቀዳሁት። «ኛኮር፣ ሰላም። እኔ መስፍን አይደለሁም። ወንድሙ ነኝ። መስፍን... አርፏል። ቀደም ብዬ አልነገርኩሽም፤ ይቅርታ። ፓምፑ ነገ ጠዋት ይነሳል። ሁለት ነው። ለዘጠና ሁለት ሜትር የተሠራ ነው።»

ላክሁት። ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየም፤ መለሰች። እማዬ ወደ እኔ ተጠጋች።

«አውቃለሁ» አለች ኛኮር። «ሾፌር ነገረን። እኛ አለቀስን፣ ፓምፕ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ። ግን እኔ ድምፅ ልኬ፣ ሁለት ምልክት ይመጣል። ሁለት ምልክት ማለት ስልክ ክፍት ነው። የሞተ ሰው ቻርጅ አያደርግም። እኔ፣ እዚያ አንድ ሰው አለ አልኩ። ለዚያ ሰው ነው የላክሁ። ስሙን አላውቅም፤ መስፍን አልኩት። አንተ ስምህ ማን?»

እማዬን አየኋት። ማታ ማታ የመስፍንን ስልክ ሶኬት ላይ የምትሰካው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ ዛሬም አልጠየቅኳትም።

«ናሆም» አልኩ ወደ ስልኩ። «ናሆም ነው ስሜ። ኛኮር፣ ፓምፑ ተገጥሞ ሲነሳ ስልኩን አጠገቡ አድርጊና ድምፁን ላኪልኝ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሞተር ደህና መሆኑን በድምፁ አውቃለሁ።»

ሁለት ምልክት መጣ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ሰካችው።